ቁንጅና በማን ዓይን? ከጭልጋ የእንጨት ጉትቻ እስከ ዛሬው ፀጉር ቤት

በ19ኛው መቶ ዘመን በጭልጋና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩ የቅማንት ብሔረሰብ ሴቶች ጆሯቸውን በስተው ከባድ የእንጨት ጉትቻ ይሰኩበት ነበር። ቀዳዳው በጊዜ ብዛት እየሰፋ፣ የጆሮው ጫፍ እየተለጠጠ ወደ ትከሻ ይወርዳል። ወደ ጎንደር የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች ቅማንቶችን የሚያውቋቸው ለከተማው ማገዶ በማቅረባቸው ስለነበር በጽሑፋቸው የእንጨት ሸክሙንና የእንጨት ጉትቻውን ጎን ለጎን አስፍረውታል። ለተጓዡ ጉድ የሆነው ጆሮ ለባለቤቲቱ ጌጥ ነበር። ዛሬ የጭልጋ መቀመጫ በሆነችው አይከል፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ ሱቆች የሚሸጠው ጉትቻ ቀላል የፋብሪካ ዕቃ ነው። የእንጨቱ ጉትቻ እንዲቀር ማንም አዋጅ አላስነገረም። የሚያየው ዓይን ሲለወጥ ጌጡም አብሮ ቀረ።

ፌሚኒዝም ስለ ሴቶች ቁንጅና የሚያነሣው ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ዓይነቱ ለውጥ ነው። ውብ የሚባለው ነገር ከተፈጥሮ የተገኘ ቢሆን ኖሮ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ባልተገለበጠ ነበር። ፌሚኒዝም፣ አንዳንዶች በአማርኛ «አንስታዊነት» የሚሉት፣ ሴቶች በሴትነታቸው የሚደርስባቸውን የበታችነት የሚመረምርና የሚቃወም አስተሳሰብ ነው። ፈረንሳዊቷ ሲሞን ደ ቦቯር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመችው «ሁለተኛው ጾታ» በተባለ መጽሐፏ፣ ሴት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ራሷን በሌላ ሰው ዓይን እያየች እንድታድግ እንደምትደረግ አስረድታለች። አሜሪካዊቷ ናኦሚ ዎልፍ ደግሞ «የቁንጅና ተረት» ሊባል በሚችለውና እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ፣ ሴቶች በትምህርትና በሥራ ወደፊት በተራመዱ ቁጥር የመልክ ግዴታቸው ይበልጥ እየጠበቀ እንደሄደ ተከራከረች። ሁለቱም የጻፉት ከምዕራባውያን ሕይወት ተነሥተው ነው። በጎንደር ደጋ ግን ቁንጅና የማስታወቂያና የመዋቢያ ኩባንያ ጉዳይ ከመሆኑ ከብዙ ዘመን በፊት የትዳር ጉዳይ ነበር። ስለዚህ እዚህ አገር ጥያቄው ሲነሣ መኳል ወይም ሹሩባ መሠራት ነውር ነው ወይ ለማለት አይደለም። መስፈርቱን ማን አወጣው፣ ወጪውንና ሕመሙን ማን ይሸከማል፣ መስፈርቱን ያላሟላችዋስ ምን ታጣለች የሚለው ነው የሚጠየቀው።

ሕመሙ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በንቅሳት ላይ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ፣ በጎንደርም ጭምር፣ የልጃገረድ ድድና አንገት፣ አንዳንዴም ግንባሯ ይነቀስ ነበር፤ በገጠር ያደጉ ብዙ እናቶች ዛሬም ይህን ምልክት ይዘው ይታያሉ። ነቃሿ አብዛኛውን ጊዜ እጇ የተመሰከረላት የአገር ሴት ናት። ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ይለወስና በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ ወደ ቆዳ ይገባል። ድድ ሲነቀስ አፍ ያብጣል፤ ለቀናት እህል መቅመስ ያስቸግራል። ቁስሉ ሲሽር ድዱ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ይሆንና ጥርሱ ከበፊቱ የነጣ ይመስላል። በአንገት ዙሪያ የሚነቀሰው መስመርና ነጠብጣብ እንደ ድሪ ነው፤ ሌባ የማይወስደው፣ በክፉ ቀን የማይሸጥ ድሪ። የግንባሩ መስቀል ደግሞ ጌጥም የእምነት ምልክትም ሆኖ ያገለግላል። አንድ መርፌ ለብዙ ልጃገረዶች ሲውል በደም የሚተላለፍ በሽታ፣ በተለይም የጉበት ቫይረስ፣ አብሮ ሊተላለፍ እንደሚችል የጤና ባለሙያዎች ያስጠነቅቃሉ።

ልጅቷን ለመነቀስ የሚያባብሏት፣ ስትወጋም የሚይዟት እናቷ፣ አክስቷና ጎረቤቶቿ ናቸው። ወንድ በአጠገቧ የለም። ታዲያ መስፈርቱን የሚያስፈጽሙት ሴቶች ከሆኑ የወንድ የበላይነት የቱ ጋ ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ከንቅሳቱ በኋላ በሚመጣው ነገር ላይ ነው። የሴት ልጅ እንጀራ የሚወሰነው በምታገባው ሰው በሆነበት ኑሮ ውስጥ ልጇን የምታስነቅስ እናት እንደ ጨካኝ አትታይም፤ ለልጇ ልታወርሳት የምትችለውን እያወረሰቻት ነው። ጊዜው ደግሞ ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ የተዳሩት 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወይም ከዚያ በፊት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመት ብሎ የነበረውን የጋብቻ ዕድሜ የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አድርጎታል፤ የክልሉም ሕግ ይህንኑ ተከትሏል። እንግዲህ «ቆንጆ ናት፣ ደርሳለች» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ ሲነገር የኖረው ስለ ሕፃን ልጅ ነበር ማለት ነው። የሴት ልጅ ግርዛትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ በክልሉ በአብዛኛው በጨቅላነት የሚፈጸም ሲሆን ከሚሰጡት ምክንያቶች መካከል ልጅቷን ለወግ ለማዕረግ ማብቃት አንዱ ነው።

የተነቀሰ ድድ ዕጣው ከእንጨቱ ጉትቻ የተለየ አልሆነም፤ ልዩነቱ የእንጨት ጉትቻ መውለቁ፣ ንቅሳት ግን አለመውለቁ ነው። ከገጠር ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ለትምህርትና ለሥራ የሄደች ወጣት አገር ቤት የተመሰገነችበት ድድ «ፋራ» ሲያስብላት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ትጀምራለች። አዲስ አበባ ውስጥ ንቅሳትን በሌዘር የሚያነሡ ክሊኒኮች አሉ። በእሾህ የገባው በጨረር ይወጣል፤ መግባቱም መውጣቱም ያማል፣ መውጣቱ ደግሞ ያስከፍላል።

ከጎንደር ዙሪያ ወደ እስራኤል የተሻገሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነገሩን በሌላ በኩል ያሳያሉ። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ባደጉበት አገር ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ ነበሩ፤ እስራኤል ሲደርሱ ያው መስቀል የማፈሪያ ምክንያት ሆነባቸው፤ በሌዘር ያስጠፉም አሉ። ተከታዩ ትውልድ ግን ሌላ ገጠመኝ አይቷል። በጎንደር አካባቢ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እስራኤል የሄደችው ይትይሽ (ቲቲ) አይናው እ.ኤ.አ. በ2013 የእስራኤል የቁንጅና ውድድር አሸናፊ በመሆን የኢትዮጵያ ዝርያ ያላት የመጀመሪያዋ አሸናፊ ሆነች። በቆዳቸው ቀለም ምክንያት በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ መገለልን ለሚያውቁ ልጃገረዶች ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። በሌላ በኩል የፌሚኒስቶች ነቀፌታ እዚህም ላይ አይቀርም፤ አዲስ ፊት ወደ ሚዛኑ ወጣ እንጂ ሚዛኑ ከቦታው አልተነሣም።

ሚዛኑ በአማርኛ ቋንቋ ውስጥ በዝርዝር ተቀምጧል። ፀጉሯ ዞማ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ ጥርሷ በረዶ ወይም ፍንጭት፣ አንገቷ ብርሌ፣ ተረከዟ ሎሚ ነው። በጎንደር ጠጅ ቤት መሰንቆውን የሚገዘግዘው አዝማሪ አንዲቱን ሴት ሲያነሣ ከራስ ፀጉሯ ተነሥቶ እስከ ተረከዟ ይወርዳል። ይህ አወራረድ ከቤተ ክርስቲያኑ «መልክዕ» ጋር መመሳሰሉ ብዙም አይነሣም። መልክዕ የቅዱሳንን አካል ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እየጠራ ሰላምታ የሚያቀርብ የግእዝ ድርሰት ነው። ወንድ ሴት አይለይም። ጆሮው የሚወደሰው ስለ ሰማው ቃል፣ እጁ ስለ ሠራው ሥራ፣ እግሩ ስለ ሄደበት መንገድ ነው። በዘፈኑ ግን የሴቲቱ እግር የትም አይሄድም፤ የሚወደሰው ለሚያየው ሰው ስላማረ ብቻ ነው። እንግሊዛዊቷ የፊልም ሐያሲ ሎራ መልቪ እ.ኤ.አ. በ1975 «የወንድ እይታ» ብላ የሰየመችው ነገር ጎንደር ላይ ካሜራ አላስፈለገውም፤ መሰንቆ በቂው ነበር።

ተረከዘ ሎሚ የሚለው ሙገሳ ቆም ብሎ ላሰበበት ሌላም ነገር ይነግራል። ሎሚ የመሰለ፣ ያልተሰነጠቀ ለስላሳ ተረከዝ ሊኖራት የምትችለው በባዶ እግሯ ማገዶና ውኃ የማትሸከም ሴት ናት። ወደ ጎንደር እንጨት ተሸክማ የምትወርድ የምትወጣ ሴት ተረከዟ ንቃቃት የበዛበት ነው። መስፈርቱ የመልክ ይመስላል እንጂ በውስጡ የኑሮ ደረጃን ይለካል። የደኸየች ሴት ከመጀመሪያውም ከውድድሩ ውጭ ናት። ለፍትሕ ሲባል ግን ቋንቋው ከአካል ዝርዝር የሚያመልጡ ቃላትም እንዳሉት መናገር ያስፈልጋል፤ ደም ግባት፣ ለዛ፣ ሞገስ የሚባሉት ሰው በአፍንጫው ልክ የሚያገኛቸው አይደሉም፤ አሮጊትም ፈንጣጣ ያበላሸው ፊት ያላትም ታገኛቸዋለች።

የቆዳ ቀለም ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሚባሉት ቃላት በየቤቱ ያለ ክፋት ይነገራሉ፤ ለጠይም ሴት የተዘፈነውም ለቀይዋ ከተዘፈነው አያንስም። ይሁን እንጂ በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ መተማ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን የሚያልፍ የባሪያ ንግድ መስመር ነበር። በዚያ ገበያ ሴት ልጅ የምትተመነው በዕድሜዋ፣ በመልኳና በቀለሟ ነበር፤ ቀላ ያለችው ለቁባትነት ተፈልጋ በውድ ስትሸጥ የጠቆረችው ለጉልበት ሥራ በርካሽ ትሸጣለች። የቀለም ቃላቱ ከገበያው በፊትም የነበሩ ናቸው፤ በዋጋ የተመነዘሩት ግን እዚያ ነው። ዛሬ አንዲት እናት አራስ ልጇን ያዩ ጎረቤቶች «እሰይ፣ ቀይ ናት» ሲሏት የሚሰማት ደስታ ምንጩን ቢመረምሩት ንጹሕ አይደለም።

ከጭልጋ አጠገብ ባለችው ቋራ የተወለደችው እቴጌ ምንትዋብ የቁንጅና ወሬ አንዲትን ሴት እንዴት እንደሚሸፍናት ጥሩ ምሳሌ ናት። ስሟ ራሱ «ምንኛ ውብ ናት» የሚል አድናቆት ነው። በሕዝብ አፍም በመጻሕፍትም ደጋግሞ የሚነገረው ዐፄ በካፋ ታሞ በአባቷ ቤት ሳለ አይቷት እንደወደዳት ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞት ግን ምንትዋብ በሕፃኑ ልጇ በዳግማዊ ኢያሱ ስም መንግሥቱን ይዛ ከልጇም አልፋ እስከ ልጅ ልጇ እስከ ኢዮአስ ዘመን የጎንደርን ፖለቲካ መርታለች፤ የቁስቋምን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርታለች። ይህን ያህል ዘመን የገዛን ወንድ ንጉሥ ታሪክ ከመልኩ የሚጀምር ሰው የለም። በጣና ደሴት በደቅ፣ ራሷ ባሠራችው በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ምንትዋብ የተሣለችው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ነው። እዚያ ላይ መታየት የፈለገችው በምኗ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከእሷ መቶ ዓመት ቀደም ብላ የኖረችው ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እ.ኤ.አ.) ሌላ መንገድ መርጣለች። የዐፄ ሱስንዮስን የሃይማኖት ለውጥ ተቃውማ፣ ሹም ባሏን ትታ፣ ፀጉሯን ተላጭታ መነኰሰች፤ ብዙዎችን አስከትላ በጣና ዙሪያ ማኅበራት መሠረተች። ፀጉር መላጨት ለወንዱ መነኩሴ ዓለምን መተው ነው። ለእሷ ግን ለመታየት የሚያበቃትን ዋናውን ነገር መጣል ጭምር ነበር። ይህ በር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በደጋው አገር ልጆቿን ያሳደገች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ቆብ ትደፋለች፤ ከዚያ በኋላ የትም ብትሄድ፣ ከማንም ጋር ቁጭ ብላ ብታወራ፣ ሽማግሌን ብትገሥጽ የሚከለክላት የለም። «እማሆይ» ስትባል ማንም መልኳን አይመዝንም። የሚያሳዝነው ይህ ነፃነት የሚሰጣት ወልዳ ከጨረሰች በኋላ መሆኑ ነው።

መልክን የማያስቀድሙ ሰዎች በአገሩ ልማድ የሚያነሡት ሌላ መለኪያ አለ፤ ሙያ። «መልክ ምን ያደርጋል፣ ሙያ ይኑራት እንጂ» ይባላል። ምክሩ ለሴቷ የታዘነላት ያስመስላል። ሙያ የሚባለው ግን ወጧ፣ ጠላዋ፣ ፈትሏና እንግዳ አቀባበሏ ነው፤ ሁሉም የሚመዘኑት በሚያገባት ቤት ነው። ስለዚህ ቆንጆ ያልተባለች ልጃገረድ ከሚዛን አትወርድም፤ ከአንዱ ሚዛን ወደ ሌላው ትዛወራለች።

ከሁሉ በላይ ብዙ የሚናገረው ፀጉር ነው። በቀድሞው ልማድ ያላገባች ልጃገረድ ሳዱላ ትባላለች፤ የመሃል ራሷ ይላጭና ዙሪያው ይተዋል። ስታገባ መሃሉ ያድግና እንደ ባለትዳር ሹሩባ ትሠራለች። ሐዘን ሲደርስባት ትላጨዋለች ወይም ትቆርጠዋለች፤ ቅቤም አታስነካውም። ወንዶችም ሹሩባ ይሠሩ ነበር፤ የቋራው ተወላጅ ዐፄ ቴዎድሮስ በሹሩባቸው ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ከራሳቸው ላይ እንግሊዞች ቆርጠው የወሰዱት ቁንዳላ በለንደን የጦር ሙዚየም ከኖረ በኋላ በ2019 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። በወንድ ራስ ላይ የነበረው ሹሩባ ያደረገውን ይናገራል፤ በሴት ራስ ላይ ያለው የማን እንደሆነች።

ሹሩባ መሠራት ግን ግዴታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አንዷ በሌላዋ ጭን ላይ ራሷን ጥላ ለሰዓታት ትቀመጣለች፤ ፀጉር ይለያል፣ ቅቤ ይቀባል፣ የሰፈሩ ወሬ ይወራል፣ የባል ክፋት ይነገራል፣ ምክር ይሰጣል። ወንድ የማይገባበት ሸንጎ ነው። አሜሪካዊቷ ጥቁር ፌሚኒስት ቤል ሁክስ ፀጉር ማለስለስን አስመልክታ የጻፈችው ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ በልጅነቷ የእናቷ ወጥ ቤት ሴቶች ተሰብስበው በጋለ ማበጠሪያ ፀጉር የሚያለሰልሱበት የፍቅር ቦታ እንደነበር ሳትክድ፣ የሚለሰልሰው ግን የነጭን ፀጉር ለመምሰል እንደሆነ ትናገራለች። በአይከልም በጎንደርም ፀጉር ቤቶች ካስክ፣ ቢጎዲንና ካውያ ገብተዋል፤ ሂውማን ሄር የሚቀጥሉም አሉ። «ከርዳዳ» የሚለው ቃል ዛሬም ስድብ ነው። የቅቤ ሽታ ተማሪን ያሳፍራል። ዓመቱን ሙሉ ስትተኮስ የከረመችው ወጣት ታዲያ ጥር ሲደርስ ወደ ሹሩባ ሠሪ ትመለሳለች፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ለቀሚስ ብቻ አይደለም። እንሶስላውም ጥልፉም አብሮ ይመጣል። ሹሩባ ሠሪዋ በዚህ ሰሞን የምታገኘው ገንዘብ ልጆቿን የሚያስተምር ሊሆን ይችላል። የቁንጅናን ገበያ በጅምላ ማውገዝ የሚከብደው ለዚህ ነው፤ በገበያው ውስጥ ሸማቿም ባለሙያዋም ሴቶች ናቸው።

በአገራችን ስለ ሴት መልክ አደባባይ የወጣው ትልቁ ጠብ የተነሣው በመጋቢት 1960 ዓ.ም. (1968 እ.ኤ.አ.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። በግቢው ውስጥ የተዘጋጀውን የፋሽን ትዕይንት አብዮተኛ ተማሪዎች የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው ብለው ተነሡበት። ሊያዩ በመጡት እንግዶች ላይ እንቁላል ተወረወረ፤ ግርግሩ ተባብሶ ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው ተዘጋ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ የአሜሪካ ፌሚኒስቶች በአትላንቲክ ሲቲ የቁንጅና ውድድር ደጃፍ ተሰልፈው ጡት መያዣ፣ ታኮ ጫማና አርቴፊሻል ሽፋሽፍት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉ። ሁለቱ ሰልፎች ከሩቅ ሲያዩአቸው መንትያ ይመስላሉ። አትላንቲክ ሲቲ ላይ ግን ሴቶች የገዛ ራሳቸውን ዕቃ ጣሉ፤ አዲስ አበባ ላይ በአብዛኛው ወንዶች የነበሩ ተቃዋሚዎች ሴት ምን መልበስ እንደሌለባት ወሰኑ። አጭር ቀሚስ ለብሳ የመጣችውን ማዋረድ ለሴት ክብር መቆም ተደርጎ ተቆጠረ። ይህ አስተሳሰብ ከ1960ዎቹ ጋር አላለፈም፤ ሱሪ የለበሰችን ወይም ፀጉሯን የተቆረጠችን ሴት «ባህል ጣለች» ብሎ መንገድ ላይ ማስቆም ዛሬም አለ።

የሰውነት ውፍረት መለኪያው ደግሞ ገና በመዞር ላይ ነው። በደጋው አገር የምትመሰገነው ሞላ፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ «ከሳሽ» መባል ታመምሽ ወይም ተቸገርሽ እንደማለት ነው። አራስ በገንፎና በቅቤ ተይዛ፣ ለክርስትና በ40 ወይም በ80 ቀን ስትወጣ ፊቷ ወዝ ካላበጀ ባሏና ቤተ ዘመዱ ይታማሉ። ይህ መስፈርት ረሀብን በሚያውቅ አገር የተወለደ ነው፤ በ2016ቱ ዳሰሳ በኢትዮጵያ ለወሊድ ዕድሜ የደረሱ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ከስተው ነው የተገኙት። ቴሌቪዥኑና ስልኩ የሚያሳዩት ግን ቀጭን ወገብ ነው። ካና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እየመለሰ ማሳየት ሲጀምር ፊቶቹ የቱርክ፣ ድምፁ የራስ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከፊጂ ደሴቶች ይታወቃል። በናድሮጋ ግዛት ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ወፍራም ሰውነት የሚወደድበት አገር ነበር። ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አን ቤከር ባደረገችው ጥናት የተዛባ የአመጋገብ ምልክት ያሳዩ ልጃገረዶች በ3 ዓመት ውስጥ ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ አሻቀቡ። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም የሴት ልጅ ዓይን በራሷ ላይ በምን ያህል ፍጥነት ሊዞር እንደሚችል አሳይቷል።

ቆዳ የሚያቀሉ ቅባቶችም በዚሁ መስኮት ገብተዋል። ከኮስሞቲክስ ሱቅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙት አንዳንዶቹ ሃይድሮኪኖን፣ ጠንካራ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ አለባቸው። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ ሲቆም ብጉርና ቅላት ያስከትላል፤ ሜርኩሪው ኩላሊትን ይጎዳል። የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መዋቢያዎችንም በቁጥጥሩ ሥር አድርጓል፤ በየድንበሩ በሻንጣ የሚገባውን ግን አዋጅ ብቻውን አያስቆመውም።

እዚህ ላይ ራስን መቀበል የሚለው ምክር ይመጣል። ምክሩን ከሁሉ ከፍ ባለ ድምፅ የሚናገሩት አንዳንድ ጊዜ ሻጮቹ ናቸው። ዩኒሊቨር የተባለው ኩባንያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዶቭ ሳሙናው ማስታወቂያ ሴቶች መልካቸውን እንዲወዱ ሲያስተምር፣ በእስያ ደግሞ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ይሸጥ ነበር፤ ከክሬሙ ስም ላይ ንጣትን የሚያወድሰውን ቃል ያወጣው በ2020 ነው። መስታወት ፊት ቆሞ «ቆንጆ ነኝ» ማለት አይጎዳም። ነገር ግን በ15 ዓመቷ ልትዳር የታሰበች ልጅ ራሷን ብትወድም ባትወድም የሚመዝናት ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ያሉ የሴቶች ንቅናቄዎች ከመስታወቱ ይልቅ ሚዛኑን የያዘውን እጅ ማየት ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተነሣው ቢጫ ንቅናቄም ሆነ በ2014 በዶክተር ስሒን ተፈራ የተመሠረተው ሴታዊት ትኩረታቸው ትንኮሳና ጥቃት ላይ፣ ሴት በመንገድና በሥራ ቦታ ያለ ሥጋት መገኘቷ ላይ ነው። አካሏ በየመንገዱ አስተያየት የሚሰጥበት ሴት ከአካሏ ጋር መታረቅ ይከብዳታል።

ሴት በመልኳ ሳትመዘን የምትታይበት ወረቀትም አለ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠው የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ስለ ቁንጅና አንድም ቃል የለውም። የሚስት ስም ከባሏ ስም ጎን ይጻፍበታል፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። ለብዙ የገጠር ሴት ይህ በሕይወቷ ከተነሣቻቸው ጥቂት ፎቶዎች አንዱ ነው። ሻሿን እንዳሰረች፣ ማተቧን እንዳደረገች፣ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት እንዳለ ትነሣዋለች። ፎቶው የሚፈለገው ባለ ይዞታዋ እሷ መሆኗን ለማወቅ ነው።